የባዮሎጂ ክበብ ዘገባ፦ ሲጥ ሲጥ የሚለው ዓሣ

መስከረም ላይ የጻፍነው የክበባችን ዕቅድ ስለ ዓሣ አንድ መስመር አልነበረውም። ችግኝ ተከላ፣ ጥያቄና መልስ፣ ስለ ወባ ትንኝ ገለጻ፤ እንደወትሮው። ሦስቱንም ሠርተናል። ፎቶዎቹ በመጽሔቱ መሃል ስላሉ እዚህ አልደግማቸውም። ልጆቹን እስከ ሰኔ ይዞ የቆየው ግን ከጫሞ ሐይቅ ያመጣነው፣ ገበያ ላይ ማንም የማይጠይቀው ዓሣ ነው።

ጫሞ ዳር የወረድነው የውሃ ናሙና ለመቅዳት ነበር። (አዞ ስላለ ወደ ጠርዙ የተጠጋ ተማሪ የለም፤ ወላጆች አታስቡ።) አጥማጆቹ መረብ እያራገፉ ነበር። ናይል ፐርቹና ቆሮሶው ቶሎ ቶሎ ወደ ሣጥን ይገባል። አንደኛው ዓይነት ግን መረቡን ነክሶ አልለቅ ይላል። አንድ ትልቅ ሰው ክሩን ከእሾሁ እያላቀቁ ወደ ጎን ይወረውሩታል። ዓሣው ሲጥ ሲጥ ይላል።

«ጋሼ፣ ዓሣ ይጮኻል እንዴ?»

«ይሄ ይጮኻል። ይወጋልም፤ እጃችሁን ሰብስቡ።»

ከተጣሉት የተወሰኑትን በባልዲ ይዘን ተመለስን። ሲኖዶንቲስ ይባላል፤ የአምባዛ የሩቅ ዘመድ ነው። 130 ያህል ዝርያዎች ያሉት ወገን ሲሆን ሁሉም የአፍሪካ ናቸው። የጫሞው ዝርያ «ሲኖዶንቲስ ሻል» ይባላል፤ ብሎክና ሽናይደር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1801 እ.ኤ.አ. ስም ያወጡለት። ቅርፊት የለውም። ከጭንቅላቱ እስከ ጀርባ ክንፉ መነሻ ግን በወፍራም አጥንት ተሸፍኗል። በስልኩ የሌላ ጋሻ ለባሽ ዓሣ ፎቶ ይዞ የመጣ ልጅ ነበረ። ያ የደቡብ አሜሪካ ነው፤ እሱ ጎኑም ጭምር የአጥንት ሰሌዳ ነው። የኛው ከአንገት በታች ራቁቱን ነው።

ላብራቶሪ ውስጥ ከሁሉም በላይ ያከራከረን እሾሁ ነው። ሦስት እሾህ አለው፤ አንዱ ጀርባው ላይ፣ ሁለቱ በግራና በቀኝ ደረቱ ላይ። የደረቱ እሾህ ጠርዝ በጥርስ የተሞላ ነው። አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ የጀርባውን ገትሮ ካቆመው በኋላ መልሶ ሊያስተኛው ቢለው ቢሠራው እምቢ አለ። ሌላው ተቀበለው፤ እሱም አቃተው። መፍትሔውን ያገኘችው ዝም ብላ ስታይ የነበረች የ9ኛ ክፍል ልጅ ናት። ከትልቁ እሾህ ፊት አንዲት ትንሽ አጥንት አለች፤ እንደ በር መቀርቀሪያ የምትሠራው እሷ ናት። እሷ ቦታዋን ካልለቀቀች ትልቁ አይተኛም። ዓሣው በጡንቻ ገፍቶ አይደለም የሚያቆመው፤ ቆልፎ ነው። ለዚህ ነው ከሞተ በኋላም እሾሁ ቀጥ ብሎ የሚቀረው፣ የሚውጠውም እንስሳ የሚቸገረው።

ሲጥታውም ከጉሮሮ አይደለም። የደረቱ እሾህ ሥር መቀመጫው ውስጥ ካለው አጥንት ጋር ሲፋተግ የሚወጣ ድምፅ ነው። ልጆቹ የሞተውን ዓሣ እሾህ እያንቀሳቀሱ ድምፁን ሊያወጡ ሞከሩ። ትንሽ ትንሽ ወጣ። ክፍለ ጊዜው በዚያው አለቀ።

ከዚያ ወደ ዕድሜ ገባን። ተመራማሪዎች እሾሁን በስሱ ቆርጠው ውስጡ ያሉትን የዕድገት ቀለበቶች ይቆጥራሉ። እኛም በብረት መጋዝ ቆርጠን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስነው። ካሉን ማይክሮስኮፖች የሚሠራው አንዱ ብቻ ስለሆነ ሰልፉ ረጅም ነበር። ቀለበት ታይቷል። ስንት ነው ላይ ግን እስከ መጨረሻው አልተስማሙም። እኔም አልፈረድኩም። እንደኛ ባለ ሞቃት አገር ክረምትና በጋው እንደ ሰሜኑ ዓለም ስለማይራራቅ ቀለበቱም እንደዚያ ጥርት ብሎ አይለይም።

«ቲቸር፣ ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ ግን ይሄ ዓሣ የለም» ያለችኝ ከሐዋሳ ተዛውራ የመጣች የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። እውነቷን ነው። የሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ሥራችን «ታዲያ ጫሞ ውስጥ እንዴት ገባ?» ከሚለው ጥያቄ ወጣ። ከአሥር ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ዝናብ ሲበዛ አባያና ጫሞ ሞልተው በሰገን ወንዝ በኩል ጨው ባሕር ወደሚባለው ሐይቅ ይፈስሱ ነበር። ከዚያ ወደ ቱርካና ሐይቅ፣ ከቱርካና ደግሞ ወደ ነጭ ዓባይ ተፋሰስ። ስለዚህ የጫሞ ዓሦች፣ ናይል ፐርቹም ጭምር፣ የዓባይ ዓሦች ዘመዶች ናቸው። ጣናስ? ጣና የዓባይ ምንጭ ሆኖ ሳለ ሲኖዶንቲስ የለውም። ከታች የሚመጣውን ጢስ ዓባይ ፏፏቴ አያሳልፈውም። ተማሪዎቹ ይህን በትልቅ ካርታ ሠርተው ከላብራቶሪው በር ጎን ለጥፈዋል። ጂኦግራፊ መምህራችን ካርታውን ሊወስዱብን ነው የሚል ወሬ አለ።

ሚኒ ሚዲያ ላይ የቀረበው የዚህ ዓሣ የታንጋኒካ ሐይቅ ዘመድ ታሪክ ነው፤ የዓመቱን ትልቅ ጭብጨባ ያገኘውም እሱ። እዚያ እንቁላላቸውን አፋቸው ውስጥ የሚያሳድጉ ዓሦች አሉ። እናቲቱ እንቁላሏን ጥላ ልትለቅም ስትል ይኸው ዘመድ፣ ሲኖዶንቲስ መልቲፑንክታተስ፣ የራሱን እንቁላል መሃል ላይ ይጥላል። ሳታውቅ አብራ ትለቅመዋለች። የእንግዳዋ ጫጩት ቀድማ ትፈለፈልና እዚያው አፍ ውስጥ የባለቤቷን ልጆች ትበላለች። ሳቶ የተባለ ተመራማሪ ይህን በ1986 እ.ኤ.አ. ኔቸር መጽሔት ላይ ጽፎታል። ሰልፍ ላይ ሲነበብ «ወይኔ!» ያላለ አልነበረም። በማግስቱ ክበቡን ሊቀላቀሉ የመጡትን ሁሉ መቀበል አልቻልንም፤ ወንበሩ አይበቃም።

ሰኔ ላይ የአንዱን ዓሣ አጥንት ቀቅለን፣ አጽድተንና አድርቀን ገጣጥመነዋል። የጎድን አጥንቱ ትንሽ ተወላግዷል፤ የጭንቅላቱ ጋሻና ሦስቱ እሾሆች ግን ሙሉ ናቸው። ላብራቶሪው ውስጥ ከሁለተኛው መደርደሪያ ላይ ይገኛል። የጀርባውን እሾህ አቁማችሁ ማስተኛት ትችላላችሁ። ትንሿን አጥንት ግን አትንቀሉ፤ ሌላ የለንም።