መጀመሪያ ልስተካከል ላልሽኝ

ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር

ውድ ጓደኛዬ፣ እህቴ፣ ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ከተጠፋፋን ዓመት በዓመት ላይ ተደረበ። አንቺ በአዲስ አበባ ሩጫ፣ እኔ በዚህ በኩል መንገዱም ኔትወርኩም እንደምታውቂው ሆኖብኝ፣ ድምፃችን ጠፋ። ተቀያይመን እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ስለዚህ ወረቀቱን በይቅርታ አልጨርሰውም።

ባለፈው የላክሽልኝን መልእክት ደጋግሜ አነበብሁት። «ቤተ ክርስቲያን መሄድ ካቆምሁ ቆየሁ። መጀመሪያ ልስተካከል፣ ከዚያ እመለሳለሁ» ብለሻል። በስልክ ልመልስልሽ ጀምሬ ተውሁት። ይህ በሁለት መስመር የሚመለስ ነገር አይደለም።

እውነቱን ልንገርሽ፣ አልገረመኝም። ሰንበት ትምህርት ቤት ሳለን ደብተርሽን በጀርባው ገልብጠሽ ሠንጠረዥ ትሠሪ ነበር። ውዳሴ ማርያም፣ ስግደት፣ ጾም፣ ከታች ደግሞ «ቁጣ»። የጸለይሽበት ቀን ራይት፣ የተቆጣሽበት ቀን ኤክስ። ኤክሱ ሲበዛ ገጹን ቀደሽ ትጥይና ሰኞ እንደ አዲስ ትጀምሪያለሽ። ደብተሩ ሳስቶ ሳስቶ ሽፋኑ ብቻ ሊቀር ምንም አልቀረው። ያኔ እንስቅ ነበር። ደብተሩን ብትጥይውም ሠንጠረዡ ግን አብሮሽ አባይን የተሻገረ ይመስለኛል።

አንድ ያልነገርሁሽ ነገር አለ፤ ክርስትና እናት ሆኛለሁ። የጎረቤታችን ልጅ ናት። በ80 ቀኗ ገና ጎህ ሳይቀድ ታቅፈናት ሄድን። ወደ ምዕራብ ዞሬ ሰይጣንን የካድሁላት እኔ ነኝ። ወደ ምሥራቅ ዞሬ ያመንሁላትም እኔው። እሷ ውኃው ሲነካት ጩኸቷን ለቀቀችው፣ ሌላ ያደረገችው የለም። ሜሮን ተቀባች፣ ማተቧ ታሰረላት፣ ከዚያ ቅዳሴው ደርሶ ሥጋ ወደሙ ተቀበለች። ደሙ በዕርፈ መስቀል፣ በቅዱሱ ማንኪያ፣ ሲሰጣት ጡት የመጣላት መስሏት ከንፈሯን መጠመጠች። አፏን በነጠላዬ ጫፍ ሸፈንሁላት። ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት።

እስቲ ቁጠሪልኝ። አንዲት ስግደት አልሰገደችም። አንዲት ረቡዕ አልጾመችም። በዚያ ሠንጠረዥሽ ራይት የሚደረግላት አንድም ነገር አልነበራትም። የልጅነትን ጸጋ ግን ተቀበለች፤ ክርስቶስን ራሱን ተቀበለች። አንቺም እኮ የጀመርሽው እንዲሁ ነው፤ ሌላ ሰው እያመነልሽ፣ አንቺ እያለቀስሽ።

«ያ ለሕፃን ነው፣ እኔ አድጌያለሁ» ትይኝ ይሆናል። ጳውሎስ የገላትያን ሰዎች የጠየቃቸው ይህንኑ ነው፦ በመንፈስ ጀምራችሁ አሁን በሥጋ ትፈጽማላችሁን? በነጻ የተጀመረውን በራሳችን ጉልበት ለመጨረስ የምንፍጨረጨረው ለምን እንደሆነ አይገባኝም። በእኛ አገር ደግሞ ቁርባን የሕፃንና የሽማግሌ ሆኖ ቀርቷል። ፈተና የሚበዛብን እኛ መሃለኞቹ ቆመን እናስቀድስና «ድፍረት ይሆንብኛል» ብለን እንመለሳለን። ፍርሃቱን አልንቀውም፤ ሳይገባው የሚቀርብ ሰው እንዳይኖር ጳውሎስም አስጠንቅቋል። ግን የፈራ ሰው ንስሐ ገብቶ ይቀርባል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም።

ጸጋ ጸጋ ስል «ይቺ ደግሞ ጴንጤ ሆነች እንዴ?» እንዳትይኝ። ይህ የእናቶቻችን ነገር ነው። 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» የሚል ሕዝብ ነን እኮ! በራሱ የሚወጣው ሰው ይህን ሁሉ ምን አስለመነው? ዳዊትም ያን ሁሉ ከሠራ በኋላ በ50ኛው መዝሙር ልቤን አጠራዋለሁ ብሎ አልፎከረም፤ ንጹሕ ልብ ፍጠርልኝ ብሎ ለመነ። የኤፌሶንን ጉባኤ ደግሞ ታስታውሻለሽ፣ እ.ኤ.አ. 431። ማርያምን ወላዲተ አምላክ አልልም ያለው ንስጥሮስ፣ እሱን ያወገዙት 200ው ሊቃውንት፤ ይህን በቃላችን ነበር የያዝነው። ያው ጉባኤ የፔላጊዮስን ደቀ መዝሙር የኬለስቲዮስን ወገኖችም እንዳልተቀበለ ግን ብዙ ሰው አያነሣውም። ሰው ፈቃዱን ካበረታ ትእዛዙን ሁሉ በራሱ ሊፈጽም ይችላል የሚሉ ነበሩ። ያንቺ ሠንጠረዥ እዚያ ቀርቦ ቢሆን ኖሮ... ቀልዴን ነው፣ አትቀየሚኝ።

ታዲያ እጅና እግር አጣጥፎ መቀመጥ ነው ወይ? አይደለም። የቆሎ ተማሪውን አስቢው። የቅኔ ትምህርት ቤቶቹ ዋሸራም ጎንጅም አገራችን ስለሆኑ ተማሪ ከደጃችን አይጠፋም ነበር። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ በዱላው ውሻ እየተከላከለ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። እናትሽ የአደረውን ለእኛ፣ ትኩሱን ለእሱ ነበር የሚሰጡት፤ ስናኮርፍ ትዝ ይልሻል? እንጀራውን እሱ አላረሰውም፣ አልፈጨውም፣ አልጋገረውም። ለምኖ የተሰጠው ነው። ግን በልቶ አይተኛም። ለየኔታ የሚነግረውን ቅኔ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሲቆጥር ይውላል። ካልተቃናለት እንደገና ይቆጥራል። በቅኔው እንጀራ አልገዛም፤ ያለዚያ እንጀራ ግን አንዲት ጉባኤ ቃና፣ ያቺ የሁለት ቤት አጭር ቅኔ፣ እንኳ አትወጣውም። ጾሙም ስግደቱም ለእኔ እንዲህ ናቸው። ጳውሎስ ከሁሉም ይልቅ ደከምሁ ካለ በኋላ አፍታም ሳይቆይ፣ እኔ ሳልሆን ከእኔ ጋር ያለው የእግዚአብሔር ጸጋ ነው ይላል። መድከሙን ደክሟል፤ በስሙ ግን አላስመዘገበውም።

በነገራችን ላይ፣ ሠንጠረዡ ሙሉ የነበረው ፈሪሳዊው ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ መጾሙ ውሸት አልነበረም፤ አሥራትም አውጥቷል። ጸድቆ ወደ ቤቱ የተመለሰው ግን ደረቱን እየመታ ማረኝ ያለው ቀራጩ ነው።

እድገትሽን አትለኪው። ተጨንቆ በቁመቱ ላይ አንድ ክንድ የሚጨምር የለም ተብሏል። የእኔን ቁጣ ታውቂው የለ? ካንቺ ይብስ ነበር። በቀደም ትንሹ ልጄ ረከቦቱን ከነስኒዎቹ ገለበጠው፤ የእናቴ ስኒዎች ናቸው። ስብርባሪውን እየለቀምሁ «እግርህን እንዳይቆርጥህ ውጣ» አልሁት። ባለቤቴ ከሶፋው ቀና ብሎ አየኝና «ድሮ ቢሆን ይህን ቤት ታናውጪው ነበር» አለኝ። መቼ እንደለቀቀኝ አላውቅም። ስታገለው በነበረ ጊዜ አልነበረም የለቀቀኝ። እየቆረብሁ፣ እየወደቅሁ፣ እየተናዘዝሁ ስኖር መሄዱን እንኳ ሳይነግረኝ ሄደ። ሌላ ብዙ ያልሄደ ነገር አለብኝ፤ እሱን ስንገናኝ እነግርሻለሁ።

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል። አደራ፣ አዲስ ሠንጠረዥ እንዳታወጪ። እዚያ የንስሐ አባት ከሌለሽ ያዢ። ስትሄጂ ሪፖርት አታቅርቢላቸው፣ ያለውን እንዳለ ተናገሪ። ተስተካክለሽ አትሂጂ፤ እንዲያስተካክልሽ ሂጂ። ቀኖናሽን ስትጨርሺ ልጆቹ በሚቆርቡበት ቀን አብረሻቸው ቁረቢ። በማግስቱ ብትቆጪ ገጹን አትቅደጂ፤ ተመልሰሽ ሂጂ።

እናትሽ ደህና ናቸው፤ እሑድ ማርቆስ ደጅ አግኝቻቸው ነበር። ጤፉ እየታጨደ ነው፣ ዝናቡ ባይጨምርብን ጥሩ ነበር። ለጾሙ ሽሮ አዘጋጅተውልሻል፣ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ሲገኝ እልክልሻለሁ። የመኖሪያ ሰፈርሽን ቀይረሻል አሉ፤ የት እንደሚደርስልሽ ጻፊልኝ።

የአንቺው እህት