አሮጌ ጊታራችሁን ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት አሳዩን

ይድረስ ለውድ ደንበኞቻችን፤

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሰሞኑን የድሮ ኤሌክትሪክ ጊታር ለማስገመት የምትመጡ በዝታችኋል፤ በጣም ደስ ብሎናል። አንዳንዶቻችሁ ግን «ዋጋ ለመናገር መፍታቱ ለምን አስፈለገ?» ብላችኋል። ተገቢ ጥያቄ ነው።

ጊታሩ ላይ ያለው ስም ብቻውን ዋጋ አያወጣም። ስም ይለጠፋል፣ አንገት ይቀየራል። ፌንደር የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ በሠራው የድሮ ጊታር ላይ ያለው፣ ቁጥር የተጻፈበት ብረት እንኳ አራት ብሎን ተፈትቶ ሌላ ጊታር ላይ ይገባል። ስለዚህ ውስጡን እናያለን። የድሮ ፌንደር አንገት ከገላው ጋር የሚጋጠምበት ጫፍ ላይ ብዙ ጊዜ ቀን ይገኛል። ድምፅ የሚጨምረውና የሚቀንሰው መሣሪያ፣ የቮልዩሙ ጀርባም ቁጥር አለው። 1376512 ከሆነ፣ 137 ሲቲኤስ የተባለው አምራች መለያ ነው፤ 65 ዓመቱ፣ 12 ሳምንቱ። አደራ፣ ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር እንዳትወስዱት፤ የፈረንጅ ነው። ጊታሩ ከዚያ ሳምንት በፊት ተሠርቶ አላለቀም ማለት ነው፤ ቮልዩሙ ካልተቀየረ። ብየዳው ተነካክቶ እንደሆነ አተኩረን የምናየውም ለዚህ ነው።

ዓመቱ ገንዘብ ነው። ሲቢኤስ የተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ኩባንያ ፌንደርን የገዛው በ1965 መጀመሪያ ላይ ነው፤ ሰብሳቢዎች ከዚያ በፊት ለተሠሩት አብልጠው ይከፍላሉ።

ከሁሉም የሚያሳዝነን የቀለሙ ነገር ነው። ለገበያ እንዲያምር ተብሎ ተፍቆ አዲስ ቀለም የተቀባ ጊታር ግማሽ ያህል ዋጋውን ሊያጣ ይችላል። የተሰነጣጠቀው፣ የተላጠው፣ የክንድ ላብ ያደበዘዘው ቀለም ነው የሚፈለገው! እባካችሁ አትንኩት። የተበላሸ ፒክአፕ (የክሩን ድምፅ የሚቀበለው ክፍል) ወይም መቃኛ ካስቀየራችሁም አሮጌውን አትጣሉ፤ በፌስታል አድርጋችሁ ከጊታሩ ጋር አምጡት። ጊታሩን በድሬ ፀሐይ መኪና ውስጥ ትታችሁት አትሂዱ፤ ሙቀቱ ሙጫውን ያላቅቃል፣ አንገቱንም ያጣምማል።

የጃፓንና የጣሊያን ጊታር ያላችሁም አትፈሩ። ዋጋቸው አብዛኛውን ጊዜ ከአሜሪካኖቹ ያንሳል፤ ፈላጊ ግን አላቸው። አጎታችሁ ወይም አባታችሁ ጊታሩን ይዘው የተነሱት የሠርግ ወይም የባንድ ፎቶ ካለ አብራችሁ አምጡ። ዓሊ ቢራን ባፈራች ከተማ እንዲህ ያለ ፎቶ በየቤቱ አይጠፋም፤ ጊታሩ ከማን እጅ እንደመጣም ያስረዳል።

የምንፈታው እናንተ ባላችሁበት ብቻ ነው። ያየነውንም በጽሑፍ እንሰጣችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጊታር ጥገናና ግምት ሱቃችሁ
ከዚራ፣ ድሬዳዋ