ሳውዝጌትን እስካሁን አልማርነውም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

እዚህ ደብረ ማርቆስ፣ ኳስ የምናይበት ቤት ውስጥ ሐምሌ 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት የተነሳው ክርክር ዛሬም አልበረደም። የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ፣ ዌምብሌይ፣ እንግሊዝና ጣሊያን 1 ለ 1። የያኔው የእንግሊዝ አሰልጣኝ ሳውዝጌት ጭማሪው ሰዓት ሊያልቅ ሲል አጥቂዎቹን ራሽፎርድንና ሳንቾን አስገባ፣ ያውም ለመለያ ምት ብሎ። ራሽፎርድ ቋሚውን መታ፣ የሳንቾን የጣሊያኑ በረኛ ዶናሩማ አዳነበት፣ የመጨረሻዋን ደግሞ ለ19 ዓመቱ ሳካ ሰጡት፤ እሱም ሳተ። ጣሊያን 3 ለ 2።

«ልምምድ ላይ ጎበዝ ስለነበሩ ነው» የሚሉ አሉ። ይሁን። ግን ልምምድ ላይ ማን ይጮህብሃል? ኳሷን በቅጡ ሳይነካ፣ እግሩ ሳይሞቅ፣ የአገር ሸክም የተጫነበት ልጅ እንዴት ተረጋግቶ ይምታ? እኔ ብሆን 100ኛው ደቂቃ ላይ አስገባቸው ነበር፤ ማን ያውቃል፣ ጨዋታውን እዚያው ይጨርሱት ነበር።

የኔዘርላንድ አሰልጣኝ የነበረው ቫን ሃልም እ.ኤ.አ. በ2014 የዓለም ዋንጫ ክሩልን በመጨረሻዋ ሰዓት አስገብቶ ኮስታሪካን አሸንፏል ይሉኛል። ክሩልኮ በረኛ ነው ወንድሞቼ! በረኛ ጎል ቢገባበት በመለያ ምት ማን ይወቅሰዋል?

ሳውዝጌት ውሳኔው የእኔ ነው ብሎ ኃላፊነቱን መውሰዱን ግን አከብርለታለሁ። የእኛዎቹ ሲሸነፉ መጀመሪያ የሚከሱት ዳኛውን ነው፣ ቀጥሎ ሜዳውን።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ