ለክበባችን አባላት፦ ስለ ኤችአይቪ በግልጽ እናውራ

ሰላም የክበባችን አባላት! ፈተና ስላለቀ ብዙዎቻችሁ ጣና ዳር ወጣ ወጣ ማለታችሁ አይቀርም፤ ተዝናኑ፣ ይገባችኋል። አንድ ነገር ግን በጣም ያሳስበኛል። እኛ የጤና ተማሪዎች የኤችአይቪ መተላለፊያ መንገዶችን በቃላችን እንወጣቸዋለን፣ ማታ ሞቅ ሲለን ግን ኮንዶም ትዝ የሚለው ስንቱ ነው? "ጤነኛ ይመስላል" ብሎ ማመን ምርመራ አይደለም። ቫይረሱ ለዓመታት ምልክት ላያሳይ ይችላል። ፈጣን ምርመራም ቢሆን አዲስ የተያዘን ሰው እስከ 3 ወር ድረስ ላያሳይ ስለሚችል፣ ትናንት ተጋልጦ ዛሬ "ነጻ ነኝ" ማለት አይቻልም።

ዋርድ (የሕሙማን ክፍል) ውስጥ ያገለገለ መርፌ የወጋችሁ እንደሆነ ደግሞ እባካችሁ እንዳትደብቁ! ቦታውን በውሃና በሳሙና ታጠቡ፣ ወዲያው ለኃላፊው ተናገሩ። ከተጋለጡ በኋላ ቫይረሱ እንዳይዝ የሚወሰደው መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በቶሎ ሲሆን ይሻላል፤ ከዚያ ለ28 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል። ያለ ኮንዶም ግንኙነት ያደረገ ወይም የተደፈረ ሰውም ሰዓት ሳያባክን ጤና ተቋም ሄዶ ስለዚህ መድኃኒት ይጠይቅ።

ጥበበ ግዮን ሆስፒታልም ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም የምታውቋቸው ሠራተኞች እንዳያዩዋችሁ ከፈራችሁ፣ ከተማ ውስጥ ሌላ ጤና ጣቢያ መሄድ ትችላላችሁ። ብቻውን መሄድ የከበደው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አብሬው እሄዳለሁ።