ዘይቱ የጨመረው መኪናዬ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ ያገለገለ ፕራዶ፣ ቪኤይት ወይም እነሱን የመሰለ ውድ መኪና ለመግዛት ላሰቡ ሰዎች ምክር የሰጠውን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ገንዘቡ ያለው ሰው ናፍጣውን ቢመርጥ እንደማይቆጨው ይነግሩናል። እኔ ገንዘቡም ነበረኝ፣ ናፍጣውንም መረጥሁ፣ ቆጭቶኛልም። እንዴት እንደሆነ ልጻፍላችሁ።

የምኖረው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ነው። አንዲት ትንሽ ፔንሲዮን አስተዳድራለሁ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዕድሜውን የጨረሰው በአዲስ አበባና በደሴ መካከል የጭነት መኪና ሲነዳ ነው። በቤታችን ስለ ቤንዚን ሞተር በጎ ቃል ተነግሮ አያውቅም። የደሴን መንገድ ዳገት፣ ጣርማ በርን፣ የሚወጣ ናፍጣ ነው፤ ቤንዚን የከተማ ልጅ መጫወቻ ነው፤ በቃ። ስለዚህ ከሦስት ዓመት በፊት ለራሴ መኪና ልግዛ ስል ስለ ነዳጁ አንድ ቀን እንኳ አላሰብሁም። ደላላው ከአውሮፓ የገባ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የተሠራ፣ የቆዳ ወንበሩ ገና አዲስ አዲስ የሚሸት የናፍጣ መኪና አመጣልኝ። የመኪናውን ስም አልጠራም፤ ከጥፋቱ የእሱ ድርሻ ትንሹ ነው። ወንበሩ በኤሌክትሪክ ይሞቃል። የደብረ ብርሃንን የኅዳር ጠዋት የሚያውቅ ሰው በምን እንደተሸነፍሁ ይገባዋል።

ከዚያ በኋላ መኪናው ምን ሠራ? ጠዋት ከቤት ወደ ፔንሲዮኑ፣ ከፔንሲዮኑ ወደ ገበያ፣ እሑድ ወደ ሥላሴ። አንዱ ጉዞ ሦስት ኪሎ ሜትር አይሞላም። ወንበሩ ሞቆ ሞተሩ ሳይሞቅ እደርስና አጠፋዋለሁ። ከሰዓታት በኋላ ቀዝቅዞ ሲጠብቀኝ እንደገና አስነሣዋለሁ።

በሰባተኛው ወር አንዲት ቢጫ መብራት በራች። ደላላውን ብጠይቀው ሽቦ ነው አለኝ። የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ ልጅ መጥቶ መብራቷን አጠፋልኝ፤ በሳምንቷ ተመልሳ በራች። በመጨረሻ አንድ ጸጥተኛ መካኒክ ዘንድ ወሰድሁት። ኮምፒውተር አላወጣም። ኮፈኑን ከፈተና የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዘ። በጨርቅ ጠረገው፣ መልሶ ከተተው፣ እንደገና አወጣው። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ሁለት ጣት ያህል አልፎ ነበር። ወደ አፍንጫው አስጠጋው፤ ከዚያ ወደ እኔ ዘረጋው። «እትዬ፣ እስቲ ያሽትቱት» አለኝ። ናፍጣ ናፍጣ ይላል። በጣቶቼ መካከል ባሸው እንደ ውኃ ቀጠነብኝ። ባለቤቴ በኖረበት ዘመን ሁሉ የሞተር ዘይት ቀነሰ ሲል እንጂ ጨመረ ሲል ሰምቼው አላውቅም።

መካኒኩ ያስረዳኝ እንዲህ ነው። አውሮፓ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ለሽያጭ በቀረቡት የናፍጣ የቤት መኪኖች ጭስ ማውጫ ውስጥ ጥቀርሻ የሚያስቀር ማጣሪያ አለ። ማጣሪያው ሲሞላ ሞተሩ ትርፍ ናፍጣ ይረጭና ጭሱን ስድስት መቶ ዲግሪ ገደማ አድርሶ ጥቀርሻውን ያቃጥለዋል። ለዚህ ግን አስፋልት ላይ ሳይቆሙ ሃያ ደቂቃ ያህል መንዳት ያስፈልጋል። እኔ በስምንተኛው ደቂቃ አጠፋለሁ። ሳይቃጠል የቀረው ናፍጣ በፒስተኑ ዳር ወርዶ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። የቀጠነ ዘይት ደግሞ አየር ጨምቆ ለሞተሩ የሚያስገባውን ተርቦውንም ኩሽኔታውንም ይፈጫል። ማጣሪያው የተሠራው ድኙ እጅግ ለተቀነሰ ናፍጣ መሆኑንም ጨምሮ ነገረኝ።

ብዙዎች ማጣሪያውን አስፈልፍለው ባዶ ቀፎውን ያስገጥማሉ፤ ኮምፒውተሩም እንዲረሳው ይደረጋል። እኔም ሊሠራልኝ ዋጋ ተነግሮኝ ነበር። ጥቀርሻው የት ይሄዳል ብል የሠራተኛው መልስ ወደ ኋላ የሚል የእጅ ምልክት ብቻ ሆነ። ከኋላዬ የትምህርት ቤት ልጆች በእግራቸው ነው የሚሄዱት። ተውሁት።

ይህን ያነበበ ሰው ናፍጣን ልረግም የተነሣሁ እንዳይመስለው። ወንድሜ መሐል ሜዳ ነው የሚኖረው። ባለሦስት ሊትር የናፍጣ ፕራዶ አለው፤ አሮጌ ነው፣ ይህ ማጣሪያ የሚባል ነገር የለበትም። ከመንዝ ደብረ ብርሃን፣ አንዳንዴም ሸዋ ሮቢት ድረስ ይወርዳል። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ብትሆን ነው፤ ጣሊያን የፈለፈለው የጣርማ በር ዋሻ ደግሞ ከ3,000 በላይ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ የሚሆነውን ያጣል። ተርቦ ያለው አየሩን ራሱ እየጨመቀ ስለሚያስገባ ብዙም አይሰማውም። አንድ ጊዜ በጓደኛው ባለ 2.7 ሊትር የቤንዚን ፕራዶ ከደብረ ሲና ሽቅብ ስንወጣ፣ አምስት ሰውና ሁለት በግ ሆነን፣ ጭነቱን እስከ አፉ የሞላ አይሱዙ ጥሩምባውን ነፍቶ ቀደመን። ባለመኪናው እስከ ዋሻው ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ባለቤቴ ቢያይ ኖሮ ሳቁ ቁልቁል አርማንያ ከተማ ድረስ ይሰማ ነበር።

የወንድሜ ጭንቀት ሌላ ነው። ማደያ ባዶ ሲሆን ናፍጣ በጀሪካን ይገዛል፤ ጀሪካኑ ትናንት ምን እንደያዘ ደግሞ እግዜር ነው የሚያውቀው። የዛሬ የናፍጣ ሞተር ነዳጁን ከአየር ግፊት ከሺህ እጥፍ በላይ ጨምቆ ስለሚረጭ ትንሽ ውኃ እንኳ መርጫውን፣ ኖዝሉን፣ ታበላሻለች። ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ የነዳጅ ማጣሪያው ሥር ይገባና ማፍሰሻውን አላልቶ በብርሌ ይቀበላል። ብርሌው ሲረጋ ውኃው ከታች፣ ናፍጣው ከላይ ተለይተው ይቆማሉ። ጠጅ እንደሚያይ ሰው ወደ ፀሐይ አንሥቶ ያየዋል። ለእሱ ናፍጣ ትክክል ነው፤ መንገዱም ጠባዩም ይፈቅዱለታል። ቤንዚንማ እጥረት በመጣ ቁጥር ለባጃጅ በፕላስቲክ ጠርሙስ እየተቸረቸረ ያልቃል።

ጸሐፊው የነዳጅ ቁጠባን አንሥተዋል። ልክ ናቸው፤ አንድ ሊትር ናፍጣ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ከአሥር በመቶ በላይ የበለጠ ኃይል ይይዛል፣ ሞተሩም አያባክነውም። ግን የእኔን ሒሳብ አብረን እንሥራው። በዓመት አራት ሺህ ኪሎ ሜትር አልነዳም። ናፍጣው ለመቶ ኪሎ ሜትር አሥር ሊትር፣ አንድ ጠጪ ቤንዚን ደግሞ አሥራ አምስት ይፍጁ እንበል። ልዩነቱ በዓመት ሁለት መቶ ሊትር ነው። ማጣሪያውን ለማሳጠብ፣ ዘይቱን ደጋግሞ ለመቀየርና መብራቷን ለሚያጠፋው ልጅ ያወጣሁት ያንን ከበቂ በላይ በልቶታል። ከዱባይ አቅጣጫ የገቡት አብዛኞቹ ቤንዚን ናቸው። ባለአራት ሊትሩ ይጠጣል፤ ቢሆንም መጠጣቱን አይደብቅም፣ ሞተሩም ለሦስት ኪሎ ሜትር ኑሮ አያኮርፍም። ለጠባሴ ሴት የሚሆነው እሱ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ያለው ያው እየተገላበጠ ነው የሚሸጠው። ሻጩም ደላላውም ያጥቡታል፣ ያሽቀረቅሩታል። ገዢው ናፍጣ ነው ወይስ ቤንዚን ብሎ ከመጠየቁ በፊት መኪናው የት ሲያድር፣ በቀን ስንት ሲሄድ እንደኖረ ይጠይቅ። መልሱን ካላመነ ደግሞ ዘንጉን ይምዘዝ።

መካኒኩ በመጨረሻ ያዘዘልኝ መድኃኒት ይህ ነው፦ በየቅዳሜው ጫጫ ድረስ ሳልቆም ነድቼ መመለስ። ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ማጣሪያው ይግላል፣ ጥቀርሻው ይቃጠላል። እናም ነዳጅ ይቆጥባል ብዬ የገዛሁትን መኪና ለማዳን በየሳምንቱ ነዳጅ አቃጥላለሁ። ጎረቤቶቼ ቅዳሜ ቅዳሜ ጫጫ ማን አላት እያሉ ነው። መጀመሪያ ላይ ቅቤ ልገዛ ነው እል ነበር፤ አሁን ቤቴ ውስጥ ቅቤ ከመብዛቱ የተነሣ ይህም ምክንያት አላዋጣኝም።

መኪናው ለሽያጭ ቀርቧል። የተከበሩት ጸሐፊ ሥራቸው ደሴና ኮምቦልቻ የሚያመላልሳቸው ከሆነ ይምጡና ይዩት፤ ዋጋውን አስተካክልላቸዋለሁ። ዘይቱን ግን አስቀድመው ያሽትቱት።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት የፔንሲዮን ባለቤት
ከደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ