ግልጽ ደብዳቤ ለጎንደር ከተማ ጤና መምሪያ ኃላፊ፦ ልጆቻችን ሳይፈሩ የሚጠይቁበት ቦታ ይከፈት

ክቡር የመምሪያው ኃላፊ፣

ጤና ይስጥልኝ። እኔ እዚሁ ጎንደር ትንሽ መድኃኒት ቤት ያለኝ ፋርማሲስት ነኝ። ይህን ጉዳይ ቢሮዎ መጥቼ ላጫውትዎ እችል ነበር። በአደባባይ መጻፍን የመረጥሁት ነገሩ በየቤቱ ተደብቆ ስለኖረ ነው። ወላጆችም አብረው እንዲያነቡት እፈልጋለሁ።

ልጆቻችን ጭንቀታቸውንና ድብርታቸውን ራሳቸው እናክማለን ብለው አእምሮን የሚያዛቡ ነገሮች ይሞክራሉ። ስለ እነዚህ ነገሮች የሚጠይቁት ሰው ግን የላቸውም። ከመምሪያዎ የምለምነው አንድ ወጣት «ፖሊስ ይጠራብኛል፣ ለአባቴ ይነገርብኛል» ብሎ ሳይሰጋ የወሰደውን የሚናገርበት፣ እውነቱንም የሚሰማበት ቦታ እንዲከፈት ነው።

ነገሩ ጎልቶ የታየኝ በኮሮና ጊዜ ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤት ተዘጋ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደየቤታቸው ተላኩ። መጋቢት 30 ደግሞ የአምስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። በመተማ በኩል ከሱዳን የሚመለሱ ወገኖቻችን ለይቶ ማቆያ ይገቡ ነበር። እኛ መድኃኒት ቤቶች ግን አልዘጋንም። መጀመሪያ ሰው የሚጠይቀን ማስክ፣ ሳኒታይዘርና አልኮል ነበር። ቆይቶ ጥያቄው ተለወጠ። «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» የሚለው በዛ። «ልቤ ይመታል፣ ደረቴን ያፍነኛል፣ ኮሮና ይሆን?» የሚለውም እንዲሁ።

ከግቢ ተመልሶ ከወላጆቹና ከታናናሾቹ ጋር አንዲት ክፍል ውስጥ የተቀመጠውን ተማሪ ያስቡት። መቼ እንደሚመረቅ አያውቅም። ከስልኩ በቀር የሚያዋየው የለም። ማኅበሩ ቀርቷል፣ ዕድሩ ቀርቷል፣ ለቅሶው እንኳን በጥቂት ሰው ሆኗል። እኛ ሐዘናችንን ተሰብስበን የምንወጣ ሰዎች ነን። ያ ሲቀር ብዙ ሰው መግቢያ አጣ።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት ጭንቀትና ድብርት በዓለም ዙሪያ በ25 በመቶ መጨመሩን ተናግሯል። በአውሮፓና በአሜሪካ ጭፈራ ቤቶች ሲዘጉ የጭፈራ ቤት ዕፆች ቀነሱ፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚጠጣውና ካናቢስ የሚያጨሰው ግን በዛ። ሳይኬዴሊክ የሚባሉትን፣ ማለትም የሌለ ነገር የሚያሳዩትን እንደ ኤልኤስዲ ወይም አንዳንድ እንጉዳዮች ያሉትን፣ ከድብርቱ ሊላቀቅ ብሎ ለብቻው የወሰደም ነበር። በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2020፣ የአሜሪካዋ ኦሪገን ግዛት ሕዝብ ሲሎሳይቢን የተባለው የእንጉዳይ ንጥረ ነገር ፈቃድ ባላቸው ማዕከላት እንዲሰጥ በድምፅ ወሰነ። ይህ ወሬ በዩቲዩብና በቴሌግራም እኛ ዘንድ ሲደርስ «እንጉዳይ ድብርትን ያድናል» ወደሚል አጠረ። ስልኩን ከፍቶ አሳይቶኝ «ይሄ ነገር እናንተ ጋ አለ?» ያለኝ ልጅ አለ። «ኬታሚንስ?» ያለኝም አለ፤ እሱ ደግሞ በየሆስፒታሉ ለማደንዘዣ የሚያገለግል መድኃኒት ነው። አልተቆጣሁም። መድኃኒት ቤት ገብቶ የሚጠይቅ ልጅ ተስፋ አልቆረጠም ማለት ነው።

ክቡር ሆይ፣ ልጆቹ የሰሙት ሐሰት አይደለም። ግን ግማሹን ነው የሰሙት። ኤልኤስዲን ስዊዘርላንዳዊው ኬሚስት አልበርት ሆፍማን እ.ኤ.አ. በ1938 ሠራው፤ አእምሮ ላይ የሚያደርገውን ያወቀው በ1943 ነው። ከዚያ በኋላ ሐኪሞች ለዓመታት አጠኑት። በ1971 የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት እነዚህን ነገሮች ከጥብቅ ቁጥጥር ሥር አስገባ፤ ምርምሩም ለረጅም ጊዜ ቀዘቀዘ። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለሲሎሳይቢን ምርምር የተፋጠነ መንገድ ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ አንድ ትልቅ የሲሎሳይቢን ጥናት ሌሎች መድኃኒቶች ያልረዷቸውን 233 የድብርት ታማሚዎች አሳትፏል። 25 ሚሊግራም አንድ ጊዜ የወሰዱት፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ 1 ሚሊግራም ከወሰዱት ይልቅ ቀለል ብሏቸው ታየ። እስከ 12ኛው ሳምንት የዘለቀላቸው ግን ጥቂቶቹ ናቸው።

በስልክ የማይደርሰው ቀሪው ግማሽ ነው። እነዚያ ታማሚዎች አስቀድመው ተመርምረዋል። ስኪዞፍሬኒያ ወይም ባይፖላር የሚባል ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው አልገባም። ይወስዱት የነበረውን የድብርት መድኃኒት በሐኪም ክትትል አቁመዋል። ከባለሙያ ጋር ቁጭ ብለው ተነጋግረዋል። በወሰዱበት ቀን የሠለጠነ ሰው ለሰዓታት ከአጠገባቸው አልተለየም። ያም ሆኖ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ነበር፤ ራስን የመጉዳት ሐሳብ የመጣባቸውም ነበሩ። አውስትራሊያ ሲሎሳይቢንን ከጁላይ 2023 ጀምሮ ስትፈቅድም የፈቀደችው ልዩ ፈቃድ ያላቸው የአእምሮ ሐኪሞች እንዲያዙት ነው። በኦገስት 2024 ደግሞ የአሜሪካው መሥሪያ ቤት ኤምዲኤምኤ የተባለውን ሌላ ዕፅ ለአእምሮ ቁስል ሕክምና እንዲውል የቀረበለትን ጥያቄ አልቀበልም ብሏል። ሊቃውንቱ ገና እየተከራከሩበት ያለ ነገር ነው። በዘመዱ መካከል የአእምሮ ሕመም ያለበት ልጅ ሌሊት ብቻውን ሲወስደው፣ ተኝቶ የኖረውን ሕመም ሊቀሰቅስበት ይችላል።

የሚያስፈራኝ ደግሞ ከዚህ የባሰው ነው። ያ እንጉዳይ እዚህ ገበያ ላይ የለም። ልጁ በእንጉዳዩ ፈንታ በእጁ ያለውን ይሞክራል።

በእጁ ያለው ምንድን ነው? አስተናግር ነው። አጤ ፋሪስ የሚሉትም አሉ። ነጭ አበባ፣ እሾሃማ ፍሬ ያለው፣ በየመንገዱ ዳርና በየቆሻሻ መጣያው የሚበቅለው ተክል። ጎንደር የሊቃውንት ከተማ ናት፤ የአብሾን ነገር ለእርስዎ መንገር አይገባኝም። የድሮ የአብነት ተማሪ ትምህርት ቶሎ እንዲገባው ከዚህ ተክል ፍሬ የተዘጋጀ አብሾ ይጠጣ እንደነበር ሁላችንም ስንሰማ አድገናል። ዛሬም ሲጠጣ ለሚረብሽ ሰው «አብሾ አለበት» እንላለን። አባቶችን አልወቅስም። እነሱ የሚያዘጋጀውን ሰው ያውቁ ነበር፤ ያም ሆኖ ስንቱ አእምሮውን እንዳጣ ራሳቸው ይነግሩናል። የዛሬው ልጅ የሚያዘጋጅለት አዋቂ የለውም። የሰማው «የእኛ አገር ሳይኬዴሊክ ይሄ ነው» የሚለውን ብቻ ነው።

አይደለም። አስተናግር ከሲሎሳይቢን ጋር አይገናኝም። ውስጡ አትሮፒንና ስኮፖላሚን አለ። መርዝ ነው። አፍ ያደርቃል፣ የዓይን ብሌን ያሰፋል፣ ሰውነት ያግላል፣ ሽንት ይይዛል፣ ልብ ያስሮጣል። ሰውየው የሌለ ሰው እያናገረ መሆኑን እንኳ አያውቅም። የመርዙ መጠን ከተክል ተክል፣ ከፍሬ ፍሬ ይለያያል። ትናንት ጓደኛው ወስዶ የተረፈበት መጠን ዛሬ እሱን ሊገድለው ይችላል። ለድብርት ይረዳል ያለ ሐኪምም የለም።

በሰፈራችን አንድ ልጅ ነበር። ስሙን አልጠራም። ትምህርት በተዘጋበት በዚያ ክረምት ቤተሰቦቹ ደግፈው መድኃኒት ቤቴ አመጡት። ሰውነቱ እንደ እሳት ይፋጃል፣ ዓይኑ ፈጧል፣ ግድግዳውን ያናግራል። እናቱ ቡዳ በላብኝ ትላለች። አጎቱ ወባ ወደ ራሱ ወጥቶበት ነው ይላል። ታናሽ ወንድሙ ግን መሬት መሬት ያያል። በባጃጅ ቶሎ ሆስፒታል እንዲወስዱት አደረግሁ። እዚያም ቤተሰቡ ምን እንደጠጣ አልተናገረም። ሐኪሞቹ የወባና የማጅራት ገትር ምርመራ ሲያደርጉ አደሩ። ታናሹ ያወጣው ንጋት ላይ ነው። ለምን ዝም እንዳለ ጠየቅሁት። «ያስሩታል ብዬ ነው» አለኝ። ልጁ ተርፏል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ያ ሌሊት ግን ባልባከነ ነበር።

ታናሹ ዝም ብሎ አልፈራም። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 525 አምራቹንና ሻጩን ብቻ ሳይሆን ተጠቃሚውንም ይመለከታል። ሕጉ ይለወጥ አላልሁም፤ ያ የእርስዎም የእኔም ሥልጣን አይደለም። ነገር ግን የሐኪምን ምስጢር ጠባቂነት ሕዝቡ አያውቀውም፤ የነገረውም የለም። አንድ ማስታወቂያ በየጤና ጣቢያው በር ቢለጠፍ ብዙ ይለውጣል። «እዚህ የምትነግሩን ለሕክምናችሁ ነው፤ ለፖሊስ አንናገርም» የሚል፣ መምሪያዎ ከፖሊስና ከፍትሕ መምሪያ ጋር ተነጋግሮበት ማኅተሙን ያሳረፈበት። ያለ ማኅተም ማንም አያምነውም።

ጸበልንም ላንሳ፣ ምክንያቱም ይህን ደብዳቤ የሚያነቡ ብዙ እናቶች መጀመሪያ የሚሄዱት ወደዚያ ነው። እኔም አማኝ ነኝ፣ እጠመቃለሁ። የሚያመኝ ታማሚው መድኃኒቱን ጥሎ እንዲሄድ ሲነገረው ነው። አጥማቂ አባቶችን ጠርታችሁ አነጋግሯቸው። ብዙዎቹ ልበ ቅን ናቸው። ዓይኑ የፈጠጠ፣ አፉ የደረቀ፣ የሚያቃጥል ልጅ ሲመጣላቸው በመጀመሪያ ወደ ሆስፒታል እንዲልኩት፣ ጸበሉም እንዲከተል ብትነግሯቸው እሺ ይላሉ። የየአብነት ትምህርት ቤቱን የኔታዎችም አትርሷቸው። ስለ አስተናግር ሲናገሩ ከእነሱ በላይ የሚደመጥ የለም።

ስለ ጫትና ጨብሲ፣ ስለ ሐሺሽ፣ ያለ ማዘዣ ስለሚሸጥ ትራማዶል ብዙ ተብሏል፤ አልደግመውም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የድብርት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ትራማዶል ሲደርብበት የሚጥል በሽታ ሊያመጣበት ይችላል። ይህን የሚያውቅ ልጅ ገጥሞኝ አያውቅም።

ባለሙያ የለንም እንዳይሉኝ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥሩ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጤና ኮሌጅ ነው። የአእምሮ ጤና ባለሙያም ያሠለጥናል። እነዚህ ልጆች ከከተማችን ወጥተው በየአገሩ ሲሠሩ እኛ ሰፈር ግን ሰው «የእብድ ሐኪም ቤት ሄደ» እንዳይባል እቤቱ ይሞታል። ባለሙያው አለ፤ መንገዱ ነው የጠፋው።

ደግሞስ ኮሮና አልፏል ብለን የምንተወው ነገር ነው? ቤት መዘጋት ለእኛ በኮሮና አላበቃም። በ2013 ጦርነቱ መጣ። በሐምሌ 2015 ሌላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ሰዓት እላፊም ነበር፣ የሞባይል ኢንተርኔትም ለረጅም ጊዜ ተቋረጠ። በ2012 አሥራ አራት ዓመቱ የነበረ ልጅ ጉርምስናውን በሙሉ ሲዘጋና ሲከፈት ነው ያሳለፈው። በመጀመሪያው መዘጋት የለመደውን ነገር በሁለተኛው አልተወውም። ይህን በየቀኑ ከባንኮኒዬ ጀርባ ቆሜ አያለሁ።

የምጠይቅዎ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። በኮሮና ጊዜ 8335 ብለን በነጻ እንደውል ነበር፤ ሰው ይመልስልን ነበር። ያን የመሰለ አጭር ቁጥር ለከተማችን የአእምሮ ጤና ቢከፈት፣ ማታ ማታ ቢሠራ፣ ስም ባይጠየቅበት። መልስ የሚሰጡት ደግሞ ሳይኬዴሊክ ምን እንደሆነ፣ አስተናግር ምን እንደሆነ፣ ከየትኛው መድኃኒት ጋር ምን እንደማይወሰድ የሚያውቁ ይሁኑ። «ዕፅ ይገድላል፣ ተጠንቀቁ» ብቻ ከተባለ ልጁ ስልኩን ይዘጋል። እሱ በእንግሊዝኛ ብዙ አንብቧል፤ ካነበበው ያነሰ ከነገርነው ዳግመኛ አይደውልም። የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቻችንም ቤት ለቤት ሲዞሩ ስለ ክትባት እንደሚጠይቁት ሁሉ «እንቅልፍ እንዴት ነው? ልጁስ ከሰው ይቀላቀላል?» ብለው ይጠይቁ።

የከተማውን ፋርማሲስቶችም ሰብስቡን። ቅዳሜ ከሰዓት ቢሆን ሁላችንም እንመጣለን። ልጁ መጀመሪያ የሚገባው እኛ ጋ ነው፤ ወዴት እንደምንልከው በጽሑፍ ይሰጠን፤ የምንደውልለት የባለሙያ ስልክ ይሰጠን። ስልጠናው እንዲዘጋጅ ከፈቀዱ የአስተናግር መመረዝ ምልክቶችን በአንድ ገጽ አማርኛ ጽፌ ለመምሪያዎ አስረክባለሁ። የማሳተሚያውንም እኔ እችላለሁ።

መልስዎን በማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ ብትለጥፉት ለብዙ ሰው ይደርሳል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጎንደር ፋርማሲስት