ሦስተኛው ወንበር

ደብረ ብርሃን
ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽ፣ ልጅሽ፣ እናትሽስ እንደምን ናቸው? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ ውርጩ ገብቷል። ሣሩ ነጭ ለብሶ ያድራል፤ ፀሐይ ካልሞቀች የሱቅ በር አይከፈትም። ይህን የምጽፍልሽ ጸጉር ቤቱን ዘግቼ፣ ጋቢ ደርቤ፣ የጦስኝ ሻይ አጠገቤ አስቀምጬ ነው።

ከሰርግሽ ወዲህ አንድም ቀን አልጻፍሁልሽም። አምስት ዓመት ሊሞላ ነው። አንቺ ሁለት ጊዜ ሰላምታ ልከሽልኛል፤ አንዴ በእናትሽ በኩል፣ አንዴ ደግሞ ልጅሽን የወለድሽ ጊዜ። ሁለቱንም ጊዜ መልስ ጀምሬ ተውሁት። ምክንያቱን ታውቂዋለሽ፤ እኔ ግን ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት እርሱን ልጻፈው።

ሰርግሽ ሦስት ቀን ሲቀረው ጸጉር የሚያስተኛውን ሪላክሰር የቀባሁሽ እኔ ነኝ። ከአምስት ሳምንት በፊት ተቀብተሽ እንደነበር ነግረሽኛል። እኔ ግን «ለሰርግ ነው፣ ይለስልስ» ብዬ ከሥር እስከ ጫፍ ሁሉንም ቀባሁት። «ያቃጥለኛል» አልሽ። «ትንሽ ታገሺ» አልሁሽ። ሁለተኛም አልሽ፤ ሁለተኛም ታገሺ አልሁሽ። ሳጥብሽ በጣቶቼ መካከል የቀረውን ጸጉር እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። በሰርጉ ዕለት ጆሮ ግንድሽ ላይ የሳሳውን በአበባ ሸፈንሁት፤ አንቺም ለማንም ሳትናገሪ ፎቶ ተነሣሽ። ብትቆጪኝ ኖሮ ያኔውኑ ይቅርታ እጠይቅሽ ነበር ማለት ሰበብ ነው። ጥፋቱም ዝምታውም የእኔ ነው። ይቅር በይኝ።

አሁን የምጽፍልሽ የራሴን ጸጉር ቤት ስለ ከፈትሁና ሠራተኛ ስለ ቀጠርሁ ነው። ሦስት ወንበር፣ ሁለት የጸጉር ማድረቂያ ካስክ፣ አንድ መታጠቢያ ያላት ትንሽ ቤት ናት። ማንን ልቅጠር ብዬ ባሰብሁ ቁጥር የሚመጣብኝ የአንቺ ራስ ነበር። የወሰንሁትን ሁሉ ከዚያ ተነሥቼ ነው የወሰንሁት፤ ስለዚህ ልታውቂው ይገባሻል።

ከሰርግሽ በኋላ ለብዙ ወራት ሪላክሰር አልነካሁም። እስከዚያ የማውቀው ሌሎች ሲሠሩ እያየሁ የለቀምሁትን ብቻ ነበር፤ ለምን እንደሚሠራ ጠይቄ አላውቅም። ከዚያ ሥልጠና ገባሁ። የጸጉራችን ጥቅልል የሚጸናው በውስጡ ባሉ ማያያዣዎች ነው፤ ሪላክሰር እነዚያን እየበጠሰ ያስተኛዋል። ጠንካራው ዓይነት የሚሠራው በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ ሳሙና የሚሠሩ ሴቶች ኮስቲክ ሶዳ የሚሉት ማለት ነው። እናቶቻችን ሳሙና ሲያፈሉ «ራቁ፣ እንዳይነካችሁ» ይሉን የነበረውን ነገር እኔ ራስሽ ላይ ቀብቼ ታገሺ አልሁሽ። የተኛ ጸጉር ተመልሶ አይጠቀለልም፤ ደግመሽ ስትቀቢው ይሰባበራል እንጂ። ለዚህ ነው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ተቆይቶ አዲስ የበቀለው ሥር ብቻ የሚቀባው። ጸጉር በወር የሚያድገው አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በአምስት ሳምንት ውስጥ የበቀለልሽን አሮጌውን ሳይነኩ ለብቻው መቀባት የሚችል እጅ የለም።

ወደ ቅጥሩ ልመለስ። በሩ ላይ «ልምድ ያላት ጸጉር ሠሪ እንፈልጋለን» የሚል ወረቀት ለጠፍሁ። በሁለት ሳምንት 11 ሰው መጣ። ሁሉም መጀመሪያ የሚያደርጉት ስልካቸውን አውጥተው የሠሩትን ፎቶ ማሳየት ነው። የሚያምር ነገር አይቻለሁ፤ እጃቸው የተባረከ ልጆች አሉ። ግን ፎቶ የሚያሳየው ያንን ምሽት ብቻ ነው። ከሦስት ወር በኋላ ያቺ ሙሽራ ጆሮ ግንዷ ላይ ምን እንደ ቀረ አያሳይም። የአንቺም የሰርግ ፎቶ ውብ ነው።

ስለዚህ ስልኩን ተይውና ዓመት ሙሉ ደጋግመሽ የሠራሻትን አንዲት ደንበኛ ይዘሽ ነይ ማለት ጀመርሁ። ዘጠኙ አልተመለሱም። የቀሩት ሁለቱ ይዘው መጡ፤ የግንባሩን ዳር፣ ጆሮ ግንዱን፣ ጫፉን በእጄ አየሁ። ከዚህ የተሻለ የምስክር ወረቀት አላውቅም። በእርግጥ የብቃት ምዘና ማለፍ ጥሩ ነው፤ ወረቀቱን እጠይቃለሁ፣ አከብረዋለሁም። ግን ብቃት የሚነበበው ደንበኛዋ ራስ ላይ ነው።

ከተመለሱት መካከል አንዷ ከመንዝ የመጣች፣ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመች ልጅ ናት። ደንበኛ ብላ ያመጣቻት እናቷን ነው። የስድሳ ዓመት ሴት ናቸው፤ ጸጉራቸው ግን ከግንባራቸው ጀምሮ ሙሉ ነው። ለሙከራ የጎረቤቴን ልጅ ሹሩባ እንድትሠራት አስቀመጥሁላት። ማበጠሪያውን ሳታነሣ በፊት ጸጉሯን በጣቷ እየከፈለች ስታይ ቆየችና ከጆሮዋ ኋላ ላይ ቆመች። ክብ ሆኖ የሳሳ፣ ነጭ ቅርፊት ያለበት ቦታ ነበር። ለልጅቱ አንድም ቃል ሳታሰማ ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ «እትዬ፣ ይህ ቆረቆር ይመስለኛል፤ ዛሬ ሹሩባ አልሠራትም። ጤና ጣቢያ ትሂድ፤ ይህን ማበጠሪያም ሌላ ሰው ላይ አንጠቀምበት» አለችኝ። ሥራ ፈልጋ መጥታ፣ ልትፈተን ተቀምጣ፣ አልሠራም አለች። ያኔውኑ ቀጠርኋት።

ልክም ነበረች። ቆረቆር ፈንገስ ነው፤ ጸጉሩ ሥር ውስጥ ስለሚገባ ቅቤም ነጭ ሽንኩርትም አይደርስበትም፣ ለሳምንታት የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል። በማበጠሪያ፣ በፎጣና በመላጫ ማሽን ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ይሄዳል። ልጅቱ ጤና ጣቢያ ሄዳ መድኃኒት ጀመረች፤ አሁን ድናለች። ዛሬ በቤቴ ማበጠሪያ ከአንድ ራስ ወደ ሌላ ራስ በቀጥታ አያልፍም። መጀመሪያ ጸጉሩ ይለቀማል፣ በሳሙና ይታጠባል፣ ከዚያ በበረኪና ውሃ ይዘፈዘፋል።

ሁለተኛዋ ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ፣ ሃያ ዓመት ሹሩባ የሠራች ሴት ናት። ፍጥነቷና የመስመሯ ቀጥታነት ያስደንቃል፤ እጇ ግን ያጠብቃል። ይዛት በመጣችው ደንበኛ ግንባር ዳር ላይ ጸጉሩ ወደ ኋላ ሸሽቶ አየሁ። አሳየኋት። አልተቆጣችም፤ ረጅም ጊዜ ዝም ብላ ካየች በኋላ «ይህ ከእኔ ነው?» አለችኝ። ከመጎተት ነው፣ ቶሎ ከላላ ይመለሳል፣ ዓመታት ከቆየ ግን ሥሩ ይሞትና አይበቅልም አልኋት። ይህን ጥያቄ የጠየቀች ሴት መማር ትችላለች ብዬ እርሷንም ቀጠርሁ። አሁን ሹሩባ በጨረስን ቁጥር ደንበኛዋን «ቅንድብሽን ከፍ አድርጊ» እንላታለን። ግንባሯ ከተወጠረባት ወይም ሥሩ ላይ ችፍ ያለ ነገር ከታየ እዚያው ይፈታል፤ ሦስት ሰዓት የፈጀ ቢሆንም ይፈታል።

ካልቀጠርኋቸው መካከል አንዷን ብቻ ልንገርሽ፤ እስከ ዛሬ ታሳዝነኛለች። ከአዲስ አበባ የመጣች፣ ምዘናውን ያለፈች፣ አነጋገሯ የሚማርክ ልጅ ነበረች። የአክስቴን ልጅ ደንበኛ አድርጌ ላክሁባትና «ከወር በፊት ተቀብቻለሁ፣ ዛሬም ቅቢኝ» እንድትላት አደረግሁ። ልጅቱ «እሺ» ብላ ቆርቆሮውን ልትከፍት ስትል አስቆምኋት። «ደንበኛ ከጠየቀች ምን ላድርግ?» አለችኝ። ተቀምጠን ስንነጋገር የቀድሞ ቤቷ በፐርሰንት ይከፍላት እንደነበር ነገረችኝ። ከሪላክሰር የምታገኘው ከእጥበትና ከሹሩባ ከምታገኘው በብዙ ይበልጣል። እምቢ ያለች ቀን የቤት ኪራይዋ ይጎድላል። ነገሩ የገባኝ በዚያች ቀን ነው። እኔም አንቺን ስቀባ የሚከፈለኝ በፐርሰንት ነበር፤ ከአንቺ ገንዘብ ባልቀበልም እጄ የለመደው እንደዚያ ነበር። ልጅቷን ልቀጥራት ፈልጌ መልእክት ላክሁባት፤ ሌላ ቦታ ገብታለች።

ስለዚህ ደመወዙን ለወጥሁት። ሁለቱም ቋሚ ወርኃዊ ደመወዝ አላቸው። በላዩ የሚጨመረው በሪላክሰር ብዛት ሳይሆን ተመልሰው በመጡ ደንበኞች ብዛት ነው። «ዛሬ አይሆንም፣ ከአንድ ወር በኋላ ነይ» ያለች ሠራተኛ ከኪሷ ምንም አይቀነስባትም። ውሉን በጽሑፍ አድርገናል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ ይላል፤ እኛም እርሱን ያዝን። እህቴ፣ ገንዘቡ መጀመሪያ ላይ ጎድሎብኛል፤ ሦስት ወር ኪራይ የከፈልሁት ከቁጠባዬ ነው። አሁን ግን ሰኞና ማክሰኞ እንኳ ሰው አለ።

የዚህ ከተማ ብርድ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ናት፤ አየሩ ደረቅ ነው፣ የተጠቀለለ ጸጉር ደግሞ የራስ ቆዳ ወዙ እስከ ጫፉ ስለማይወርድለት ቶሎ ይደርቃል። ሴቱ ሁሉ ቅቤ ይቀባል፤ እኔም ቅቤ ወዳጅ ነኝ። ግን ቅቤ እርጥበቱን ይይዛል እንጂ እርጥበት አይሰጥም፤ ስለዚህ እርጥብ ጸጉር ላይ ይቀባ እንላለን። ፎሮፎር ያለባት ደግሞ ጸጉሯን እንጂ የራስ ቆዳዋን ባትቀባ ይሻላታል፤ ፎሮፎሩን የሚያባብሰው ፈንገስ ቅባት ይመገባል። ይህን ለአንዲት የመንዝ እናት በአክብሮት ማስረዳት የሚችል ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም። ያቺ የመንዝ ልጅ ትችልበታለች።

መስኮትም አለ። በብርድ ምክንያት ሁሉም ጸጉር ቤት መስኮቱን ዘግቶ ይሠራል፤ ሽታው ቀኑን ሙሉ የሚገባው ግን ሠራተኛዋ ሳንባ ውስጥ ነው። አንዳንድ ጸጉር ማስተኛ ሲተኮስ ፎርማልዲሃይድ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ ካንሰር እንደሚያመጣ የታወቀ ነው። እንዲህ ያለውን ጨርሶ አስወጥቻለሁ። ለቀሪውም መስኮቱ ይከፈታል፣ ለደንበኛ ጋቢ እንሰጣለን፣ ጓንት የሌላት ሠራተኛ አትቀባም። ውሃ በጠፋበት ቀን ደግሞ ሪላክሰር አይከፈትም። በአንድ ጀሪካን ውሃ የታጠበ ሪላክሰር አልታጠበም ማለት ነው።

ብዙ ጻፍሁ። ከዚህ የቀረው ጉዳይ ሁለት ነው።

የእህትሽ ልጅ ደብረ ሲና ገበያው አጠገብ ሹሩባ ትሠራለች ሲሉ ሰማሁ። ሦስተኛው ወንበሬ ባዶ ነው። ያንቺ ወገን ስለሆነች ብቻ አልቀጥራትም፤ እንደ ሌሎቹ ትፈተናለች። ግን ንገሪያትና ደጋግማ የሠራቻትን አንዲት ሰው ይዛ ትምጣ። የሁለቱንም የመኪና እኔ እከፍላለሁ። ጣርማ በር ላይ ጉም ስለሚበዛ በጠዋት አይነሡ፤ ረፈድ አድርገው ይውጡ።

ሁለተኛው ያንቺ ነው። ጆሮ ግንድሽ ላይ ያለው በቅሎልሽ ይሆን? ካልበቀለና ቆዳው ለስልሶ የሚያብረቀርቅ ከሆነ፣ የተቃጠለበት ቦታ ጠባሳ ይዞ ሊሆን ይችላልና ባሕር ዳር የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ ወጪውን ለእኔ ተዪው። ለገና ወደ እናትሽ ከመጣሽ ደግሞ እዚህ ጎራ በይ። ልጅሽንም አሳዪኝ። ጸጉርሽን አልነካውም፤ ካልፈቀድሽ ማበጠሪያም አላነሣም። ብቻ ተቀምጠሽ ልይልሽ።

መልስሽን እጠብቃለሁ።

ያንቺው እህትሽ